ጥቁር ጭስ ስታይ ካቻቢቴ አታንሣ

ልጄ፣

ያቺ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ሞተርህ ቤንዚን በዝቶባታል። ይህን ለማለት ፈትቼ ማየት አላስፈለገኝም። ጭሷ ጥቁር ነው። ስታስነሳት ሽታዋ ዓይን ይቆጠቁጣል። ጋዝ ስትሰጣት ወደፊት ከመፈትለክ ይልቅ ድብ ድብ እያለች ትንተባተባለች። ጠዋት ሳትሞቅ ደህና ትመስላለች፤ ስትሞቅ ይብስባታል። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በላት። ነዳጅ ያጠራት ሞተር ጠባይዋ ግልባጩ ነው፤ ጠዋት ታስቸግራለች፣ ስትሞቅ ይሻላታል። ካላመንከኝ ሞቃ ሳለች ቾኩን በትንሹ ሳብ አድርግ። ከባሰባት በዝቶባታል። ከተሻላት አጥሯታል። ይህን ለማወቅ ምንም መፍታት የለብህም።

እኔን ያሰጋኝ ጭሱ አይደለም። ጭሱ ይድናል። ያሰጋኝ እጅህ ነው። እጅህ ቀልጣፋ ነው፣ ካቻቢቴም ከኪስህ አይጠፋም። ከከሚሴ እስከ ሐርቡ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ የካርቡሬተር ብሎን የሚያዞር ወጣት ሞልቷል። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። ጭሱ ቀነስ ሲል "ተስተካከለች" ብሎ ይነሳል። በማግስቱ ያው ናት። በሳምንቱ ደግሞ ብሎኑ መጀመሪያ የት እንደነበረ የሚያውቅ የለም። አንተ ከዚህ የተሻለ መሥራት ትችላለህ። ስለዚህ ቁጭ በልና ስማኝ።

የካርቡሬተር ሥራ አንድ ነው፤ አየርና ቤንዚን መጥኖ መስጠት። ቤንዚን በደንብ እንዲነድ በክብደት ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤት ውስጥ እሳት ስታነድ አየር ያጣ ማገዶ እንዴት እንደሚጨስ ታውቃለህ፤ ሞተርህም የምትጨሰው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት መልክ አለው። ወይ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ወይ አየሩ አንሷል። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ቤንዚኑ ነው። አንተ ከአየሩ ጀምር።

"ቢጨስስ ምን አለበት? ትሄድልኛለች" የሚሉህን አትስማ። ያልነደደው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል። ዘይት የሌለው ግድግዳ ፋሻውን ይበላል። ፋሻው ሲያልቅ ቤንዚኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ ማርሹንም፣ ካሙንም፣ ሁሉንም ይጎዳል። ኋላ ጭሱ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ያኔ የሚነደው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ዘይትም ነው። ከዚያ ወዲያ በካቻቢቴ የሚድን ነገር የለም። ሞተር ማስወረድ ነው። ይህ ሁሉ ከትንሽ ጭስ ይጀምራል።

አጎትህ ሞተርህን ከሐራጅ ባወጣት ጊዜ ብዙ ሠርታ የመጣች ነበረች። የሆንዳ ኤክስ ኤሎች፣ የያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100ዎች የግብርናውን፣ የወባውን፣ የእርዳታውን ሠራተኛ ተሸክመው ገጠሩን ያካለሉ ናቸው። ብዙ እጅ ነክቷቸዋል። እና አንድ ነገር አስብ፤ ያንተ ካርቡሬተር ፋብሪካ እንደተወው ነው ብለህ አትነሣ።

አሁን ወደ አየሩ። ወንበሩንና የጎን ሽፋኑን አውርድና የአየር ማጣሪያውን አውጣ። ያንተዋ ላይ ያለው ስፖንጅ ነው። የደዋ ጨፋና የአርጡማ ፉርሲ የገጠር መንገድ በበጋ ምን ያህል እንደሚቦን አንተው ታውቃለህ፤ ያ አቧራ መቀመጫው እዚህ ነው። ስፖንጁን ወደ ፀሐይ ይዘህ ተመልከት። ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። በሳሙናና በውኃ ወይም በነጭ ጋዝ እጠበው። ቤንዚን አትጠቀም፤ ሙጫውን ይፈታዋል፣ እሳትም ይጠራል። ጨምቀው እንጂ አትጠምዝዘው፣ ይቀደዳል። ጥላ ሥር በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በንጹሕ ዘይት አርሰህ እንደገና ጨምቀው፣ እስኪያንጠባጥብ አታጥግበው። ዘይት የበዛበት ማጣሪያም እንደ ቆሻሻው ያው ያፍናታል። ይህን ስታደርግ ጭሷ ጠፍቶ ብታገኘው አይግረምህ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚህ ያልቃል።

ማጣሪያውን ጨርሶ አውጥተህ "አሁን ትንፋሽ አገኘች" እንዳትል ግን አደራ። ለአፍታ ቆመህ መሞከሪያ ይሁንህ፣ መንገድ አትውጣባት። በእኛ አቧራ ላይ ማጣሪያ የሌላት ሞተር አሸዋ እየዋጠች ነው የምትሄደው።

ቀጥሎ የምትቀዳውን ቤንዚን እይ። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ሁላችንም በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን እንገዛለን፤ አልፈርድብህም። ነገር ግን ያ ቤንዚን አንዳንዴ ነጭ ጋዝ ተደባልቆበታል፣ አንዳንዴም ውኃ አለው። ነጭ ጋዝ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፣ ጥቁር ጥላሸት ይተዋል፣ ሞተሯንም ያንኳኳታል። አንተ ካርቡሬተሩን ስትወቅስ ጥፋቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይሆናል። ጣትህን ነክረህ ንፋስ አስነካው፤ ቤንዚን ወዲያው ደርቆ ይቀዘቅዝሃል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባቱ ጣትህ ላይ ይቀራል። ተደባልቆ ካገኘኸው ታንኩን አራግፈህ ከማደያ ቅዳ፣ ከዚያ ፍረድ። በተደባለቀ ነዳጅ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር በንጹሑ ላይ የተሳሳተ ነው።

ቾኩ ጨርሶ መመለሱንም እይ። ሽቦ ያለው ከሆነ ሽቦው ይጣበቃል፣ እጀታው ቢወርድም ውስጡ ሳይመለስ ይቀራል። በእኛ ሙቀት ቾክ ለጥቂት ጊዜ ካልሆነ አያስፈልግም። ብልጭታ የደከመበት ካንዴላም ቤንዚኑን ጨርሶ ስለማያነድ ያው ጥቁር ጥላሸት ያመጣል። ኮፍያውንና ሽቦውን ፈትሽ፣ ቫልቩም ልኩ መሆኑን አረጋግጥ። በዚህ አልቆይብህም።

ካንዴላው ላይ ግን ልቆይ። ካንዴላ ሐቀኛ ምስክር ነው፣ አጠያየቁን ካወቅህበት። ለሞተርህ የሚሆነው ኤንጂኬ ዲ8ኢኤ ነው፤ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር። ሻጩ "ያው ነው" ብሎ 9 ቁጥሩን ከሰጠህ መልስለት። በኤንጂኬ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፣ እንደልብ ስለማይሞቅም ጥላሸቱን አያቃጥለውም። ስትከት ደግሞ መጀመሪያ በጣትህ እስከሚሄድ አስገባው፣ መፍቻ ለመጨረሻው ብቻ። የአልሙኒየም ጥርስ አንዴ ከተበላ ጣጣ ነው።

አብዛኛው ሰው ሲሳሳት የማየው እዚህ ላይ ነው። ሞተሯን ቆማ ያስጮኻል፣ ያጠፋል፣ ካንዴላውን ያወጣል፣ ጥቁር ነው ይላል። ቆማ የሠራችበት ካንዴላ የሚነግርህ የሚኒሞውን ነገር ብቻ ነው። ስለ መንገዱ ማወቅ ከፈለግህ መንገድ ላይ ጠይቀው። ከሱብሂ በኋላ፣ መኪና ሳይበዛ፣ በጨፋ ሜዳ ያለው ቀጥ ያለ አስፋልት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሞተሯ ትሙቅ። አዲስ ወይም የተጠረገ ካንዴላ አስገባ። ጋዙን በአንድ ቦታ አጽንተህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዳ። ከዚያ ጋዙን ሳትመልስ ማጥፊያውን ተጫን፣ በዚያው ፍሪሲዮን ያዝ፣ ዳር ይዘህ ቁም። ሲበርድ አውጣው። ሸክላው ቡና ዓይነት ቀላ ካለ ደህና ነው። ጥቁርና ደረቅ እንደ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁርና እርጥብ፣ ቅባታም ከሆነ ዘይት ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው። የነጣ ከሆነ ደግሞ አጥሯታል፣ እሱ ከሁሉም ይከፋል።

ጥፋቱ በየትኛው የጋዝ መጠን ላይ እንደሚመጣም ለይ። እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፍ፣ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ሙሉ እያልክ መስመር አስምርበት። ከሚኒሞ እስከ አንድ ስምንተኛ የሚያዝዘው ትንሹ ጄትና ብሎኑ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ረጅሟ መርፌ ናት። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ነው። በግማሽ ጋዝ ለሚመጣ ጭስ የሚኒሞ ብሎን የሚያዞር ሰው እግሩ ታሞ እጁን የሚያክም ነው።

አሁን ስለ ዳገቱ ልንገርህ፤ ይህን የሚነግሩህ ጥቂቶች ናቸው። እነዚህ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የተመጠኑት ለባሕር ጠለል ቀረብ ላለ አየር ነው። ከሚሴ 1,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ቀድሞውንም ሳስቷል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ያሳሳዋል። ስለዚህ ሞተርህ ምንም ሳትሆን በትንሹ ወደ መብዛት ታዘነብላለች። ኮምቦልቻ ስትደርስ 1,850 ገደማ ነው። ከዚያ ጠመዝማዛውን ወጥተህ ደሴ ስትገባ 2,500 ገደማ ይሆናል፤ ከከሚሴው አየር አሥር እጅ ያህሉ የለም። ካርቡሬተሩ ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን እዚያው እንደለመደው ይሰጣል ማለት ይቻላል። ደሴ ላይ ብትጨስ፣ ጉልበቷም ቢደክም፣ ታማ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያማ ይብሳል።

ታዲያ የሚጎዳው ይህ አይደለም። የሚጎዳው ደሴ ላይ ቆሞ "በዛባት" ብሎ ቤንዚኑን መቀነስ ነው። እዚያ ያማረች ሞተር ቁልቁል ወርዳ የጨፋ ሙቀት ውስጥ ስትገባ ያጥራታል። ነዳጅ ያጠራት ሞተር ትግላለች። ሙሉ ጋዝ ይዘህ፣ ሰው ጭነህ፣ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ስትሮጥ ፒስተኑ ሊያዝ ይችላል። ጥቁር ጭስ ቀስ ብሎ ይገድላል፤ ማጠር በአንድ ቀን። እየወጣህ እየወረድክ የምትኖር ከሆነ ለቆላው አስተካክላት፣ ደጋው ላይ ትንሽ ብትጨስ ታገሣት። ኑሮህ ከሚሴ ነው። ለከሚሴ ትስተካከል።

ይህን ሁሉ አይተህ አሁንም ከጨሰች፣ ያኔ ካርቡሬተሩን አውርድ። ሞተሯ ትቀዝቅዝ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋ፣ ደጅ ላይ ሥራ፣ አጠገብህ የሚያጨስ አይኑር።

ከማውረድህ በፊት ግን አንድ ሙከራ አለ። እየነዳህ ሳለ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋው። ከካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ጽዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን እየቀነሰ ይሄዳል። ልትጠፋ ስትል ለጥቂት ጊዜ ጉልበት አግኝታ ከተፈተለከች፣ እውነትም በዝቶባት ነበር ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥረው የቤንዚኑን ከፍታ ነው። ጽዋዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚን ሲሞላ ወደ ላይ ይነሣና ትንሿን መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። የመርፌዋ ጫፍ ከተበላ ወይም ቆሻሻ ከያዘባት አትዘጋም። ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ ውስጡ ቤንዚን ከገባ ከብዶ አይነሣም፤ ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው፣ ውስጡ ሲንቦጫረቅ ትሰማለህ። ካርቡሬተሩ በቦታው ሳለ ከፍታውን ለማየት ከፋርማሲ የግሉኮስ ላስቲክ ግዛ። ከጽዋዋ ሥር ካለችው ማፍሰሻ ጋር አገናኝና በካርቡሬተሩ ጎን ቀጥ አድርገህ ያዘው፣ ከዚያ የማፍሰሻዋን ብሎን ላላ አድርግ። ላስቲኩ ውስጥ የቆመው ቤንዚን ጽዋዋ ውስጥ ያለው ነው። ጽዋዋ ከላይኛው አካል ከምትገጥምበት መስመር በላይ ከሄደ በዝቷል።

ረጅሟን መርፌም አውጥተህ እያት። ራሷ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጎድጓዳ መስመሮች አሉ፣ አንዷ ላይ ትንሽ ቅንጥብ ተሰክታለች። ቅንጥቧን ወደ ላይ ስታነሣት መርፌዋ ትወርዳለች፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። በአንድ መስመር ብቻ፤ ከዚያ ሞክር። ቅንጥቧ ትንሽ ናት፣ ከእጅህ ከተፈናጠረች ሣር ውስጥ አታገኛትም፣ ነጠላ ወይም ጨርቅ አንጥፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል፤ ይቺ ግን ከፈሰሰች የማትለቀም ናት። የመርፌዋን ጎን በጥፍርህ ዳብስ። አንድ ወገን ከተፋቀ፣ የምትገባበት የናስ ቀዳዳም ሰፍቶ ሞላላ ሆኗል። እንዳንተዋ ብዙ አቧራ በልታ ባረጀች ሞተር በግማሽ ጋዝ የሚመጣ ጭስ ምክንያቱ በብዛት ይህ ነው፣ መድኃኒቱም አዲስ መርፌና አዲስ ናስ ብቻ ነው። በብሎን አይድንም።

ጄቶቹን በሽቦ አትጥረግ። እባክህ። ናስ ለስላሳ ነው፣ ብረት ሽቦ ይፍቀዋል፣ ቀዳዳው የፀጉር ያህል ሰፋ ማለት ቁጥሩ ተለወጠ ማለት ነው። ላዩ የተጻፈው ቁጥር ግን እንዳለ ይቆያል፣ ያታልልሃልም። ምናልባት ያንተዋ ጄት ካንተ በፊት በሽቦ የተጠረገ ይሆናል፤ አምፖል ፊት ይዘህ እየው፣ ክብነቱ ከተበላሸ ለውጠው። ቤንዚን ውስጥ አሳድረህ ጎሚስታ ቤት በአየር ማስነፋት ይበቃል።

የካርቡሬተሩ ብሎን መጨረሻ ነው። ከመንካትህ በፊት በቀስታ እስከ ታች አስገባውና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፍ። አታጥብቀው፤ ጫፉ ከታጠፈ መቀመጫው ይበላሻል። ካርቡሬተርህ ላይ ብሎኑ በሞተሩ በኩል ነው፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ስታስገባው ቤንዚን ይቀንሳል። የያማሃ ዲቲ ላይ ያለው ሚኩኒ ግን ብሎኑ በአየር ማጣሪያው በኩል ነው፣ የሚያዘውም አየሩን ነው፤ እዚያ ወደ ውስጥ ማስገባት ቤንዚኑን ያበዛል። ጓደኛህ ዲቲውን ያስተካከለበትን አንተ ሆንዳህ ላይ ብትደግመው ግልባጩን ታገኛለህ። አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዙር ከፍተህ ጀምር። ሞተሯ በደንብ ሞቃ፣ ሚኒሞዋ ዝቅ ብሎ፣ በሩብ ዙር እያዞርክ አድምጣት። ድምፅዋ ከፍ ብሎ እኩል የሚመታበትን ቦታ ስታገኝ ተው፣ ሚኒሞውን መልስ። ከታች እስኪዘጋ አስገብተኸው እንኳ ምንም ካልተሰማት፣ ቤንዚኑ በሌላ መንገድ እየገባ ነውና ወደ ተንሳፋፊውና ወደ ቾኩ ተመለስ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ደብተር ያዝ። ምን እንደለወጥክ፣ የት እንደነዳህ፣ ካንዴላው ምን እንደመሰለ ጻፍ። ሦስት ነገር ባንዴ ለውጠህ ብትድንልህ የትኛው እንዳዳናት አታውቅም፣ ብትብስብህም የትኛው እንዳባሳት አታውቅም። አንተ ትምህርት ቤት የሄድክ ልጅ ነህ፣ መጻፍ አይከብድህም።

ስታቆማት ሁልጊዜ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋ። መርፌዋ የምታሳልፍ ከሆነ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሁሉ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ዘይቱ ሲወርድ ያድራል። ዛሬ ማታ ሳትተኛ የዘይቱን መለኪያ አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ከሸተተህ፣ ወይም ከላይኛው ምልክት አልፎ ካገኘኸው፣ ዘይቱን ሳትቀይር እንዳታስነሳት። ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ቤት ነኝ። ካንዴላውን በወረቀት ጠቅልለህ አምጣልኝ፣ አብረን እናየዋለን።